የግራ እጅ ሥራ

ሆንማ ቶኩጂ የሴት ልጁን ሥራ ያበላሸው በየካቲት ወር፣ በጠራራ ቀን ነው። የኦክስጅኑን ቱቦ ከአፍንጫው አወለቀ፤ ማሽኑን አጠፋ፤ ወደ ጓሮው ተሻግሮ የመወልወያውን ሞተር አስነሳ። ኦክስጅን ባለበት የብረት ብልጭታ ማስነሳት ቤት ማቃጠል መሆኑን ሆስፒታሉ ነግሮት ነበር። ስለዚህ ትንፋሹን እየቆጠበ ሠራ።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ሳህን ነው።

ሳህኑ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ጎድጓዳ ሳህን ነው፤ ሩዝ የሚታጠብበት፣ ቅጠል የሚዘፈዘፍበት፣ እንቁላል የሚመታበት። ከቶኪዮ የመጣች ንድፍ አውጪ ለዓመታት ደክማበታለች። ታቹ ሰፊ ስለሆነ ሲመቱበት አይሽከረከርም። ጎኑ ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ አይረጭም። ውጩ ደብዛዛ ነው፤ የእጅ አሻራ አይታይበትም። ከንፈሩ ግን እንደ መስታወት ያበራል። ሌሎች ፋብሪካዎች የሳህን ከንፈር ወደ ውጭ ይጠቀልላሉ፤ ጥቅሉ ውስጥ ውኃና ቆሻሻ ይቀራል። ይሄኛው አልተጠቀለለም። ቀጭን ሆኖ ትንሽ ወደ ውጭ ያጋደለ ነው፤ እጅ አይቆርጥም፤ ውኃ ሲያፈሱበት እንደ ክር ይወርዳል እንጂ በጎኑ አይዝረከረክም። ደብዛዛው አካል ከሚያበራው ከንፈር ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ፀጉር የሚያህል መስመር አለ። ያ መስመር ስል መሆን አለበት። ብረቱን የሚያለሰልሰው ወልዋይ አንድ ጊዜ አብዝቶ ከነካው ይሟሟል፤ ከንፈሩም አብሮ ይደፈጠጣል፤ ውኃው በጎን መውረድ ይጀምራል። ወልዋዮቻችን “መስመሩ ሞተ” ይላሉ። የሞተ መስመር አይነሳም።

በከተማችን በትሱባሜ አንድ ቤት አንድ ነገር ነው የሚሠራው። አንዱ ብረት ይቆርጣል፤ አንዱ በመጭመቂያ ማሽን ቅርጽ ያስይዘዋል፤ አንዱ ይወለውላል። ፋብሪካው ስሙን ያትምበታል። ብረቱ ከቤት ቤት በትንንሽ የጭነት መኪና ይዞራል፤ ወሬውም አብሮ ይዞራል። ወልዋዮቹ ከቤታቸው ጀርባ ባለች ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ከመንኮራኩር ፊት ይቀመጣሉ። መንኮራኩሩ የተደራረበ ጨርቅ ነው፤ ዙሪያው ላይ ስለታም ብናኝ በሙጫ ተለጥፎበታል። ጨርቁም ብናኙም ብረቱም በአንድነት ይበላሉ፤ የተበላው አየር ላይ ይቀራል።

ቶኩጂ እዚያ የተቀመጠው በአሥራ አምስት ዓመቱ ነው። አባቱ ወደ አሜሪካ የሚጫን ሹካ ይወለውል ነበር። ልጁ ግራኝ ሆነበት። በግራው ብረት ባነሳ ቁጥር በቀርከሃ ይመታው ነበር። አንድ ቀን አባትየው ልጁ በግራው የሠራውን ማንኪያ ወደ መስኮት ወስዶ አየው፤ ተመልሶ ቀርከሃውን ምድጃ ውስጥ ከተተው። ምስጋና ግን አልወጣውም። ከዚያ ወዲህ ቶኩጂ በከተማው “ግራኙ” ነው።

ሚስቱ ፉሳኤ ከጎኑ በሁለተኛው መንኮራኩር ትሠራ ነበር። ጣቷ ቀጭን ስለሆነ የማንኪያና የጭልፋ ውስጡ የእሷ ድርሻ ነበር። አንድ ክረምት አልጋ ያዘች፤ በረዶው ሳይቀልጥ ሞተች። ሐኪሙ የሳንባ ምች ብሎ ጻፈ። ቶኩጂ የምትተፋበትን ሳህን ሲያጥብ ምን እንዳየ ለማንም አልተናገረም። ከዓመታት በኋላ ያው ሐኪም የእሱን ራጅ መብራት ላይ ሰቀለው።

“እነዚህ ነጫጭ ነጠብጣቦች ይታዩዎታል? የሥራው ብናኝ ነው። አይወጣም።”

“የሚስቴስ?”

ሐኪሙ ራጁን አወረደው። “ቱቦው ሲተኙም አይውለቅ” አለ።

ልጃቸው ኪዋኮ ናጋኦካ ወደሚባል ከተማ ተድራ ነበር። ልጅ አልወለደችም። ባሏ ሌላ ሴት ሲያመጣ በአርባ ሦስት ዓመቷ በአንድ ሻንጣ ተመለሰች። አባቷ መተንፈስ አቅቶት፣ ያልተጠናቀቁ ጭልፋዎች በሳጥን ተቆልለው ነበር ያገኘችው። የእናቷ መቀመጫ ላይ ተቀምጣ ጨረሰቻቸው። ቀጥሎ የመጣውንም ጨረሰች። ቶኩጂ ይህ ለጊዜው ነው ብሎ ዝም አለ። ችግሩ ጎበዝ መሆኗ ነው።

በጥር መጨረሻ ኩዋባራ ሊጠይቀው መጣ። ኩዋባራ የፋብሪካው መርማሪ ነው፤ ከወልዋዮች የሚመጣውን ዕቃ አይቶ የሚያሳልፍ ወይም የሚመልስ። ከቶኩጂ ጋር አንድ ክፍል ነው የተማሩት። ራመን የሚባለውን የኑድል ሾርባ አዝዘው፣ ከሥሩ ማሞቂያ ባለው ዝቅተኛ ጠረጴዛ ውስጥ እግራቸውን ከትተው በሉ። የእኛ ከተማ ራመን ላይ የአሳማ ስብ በወፍራሙ ይንሳፈፋል፤ ከሱቅ እስከ ፋብሪካ ድረስ ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ ነው።

“አንተ ግራኝ፣ ስቡን ካልበላኸው ወዲህ በለው።”

“ሐኪሙ ከልክሎኛል።”

“መተንፈስም ከልክሎሃል እኮ፤ እሱን ግን እንቢ ብለሃል።”

ቶኩጂ ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው። ኩዋባራ እስኪጨርስ ጠበቀው።

“ኪዋኮ ፋብሪካ መጥታ ነበር” አለ።

“ምን ልትሠራ?”

“አዲሱን ሳህን ልትጠይቅ። ከንፈሩን እኔ ልሥራው፣ በራሴ ስም አለች። በአንተ ስም አይደለም።”

“ልጁስ ምን አለ?”

ልጁ የሚሉት ናጉሞን፣ የፋብሪካውን ባለቤት ነው። ሃምሳ ሊሞላው ነው፤ አባቱን ለሚያውቁ ግን ልጁ ነው።

“አንድ ሳጥን ለሙከራ ሥሪ አላት። በራሷ እጅ። ካለፈ ሥራው የእሷ ነው፤ ያ ሳህን እስከተሸጠ ድረስ። እውነቱን ልንገርህ? ያልፋል። እጇን አይቼዋለሁ።”

ቶኩጂ የመመገቢያ እንጨቶቹን አስቀመጠ። “ያንተ ልጆች የት ናቸው?”

“አንዱ ባንክ፣ አንዱ ማዘጋጃ ቤት። አታውቅም እንዴ?”

“ለምን መንኮራኩሩ ላይ አላስቀመጥካቸውም?”

ኩዋባራ ሾርባውን ጨልጦ አፉን ጠረገ። “ሞኝ አይደለሁማ” አለ።

በዚያው ቀን እራት ላይ ቶኩጂ ለልጁ ተናገረ።

“አይሆንም።”

“ምኑ?”

“ሳህኑ።”

“ኩዋባራ መቼም አፉ አያርፍም።” ሩዝ ጨመረችለት። “በጭንብል ነው የምሠራው፣ አባዬ። ትልቁን ጭንብል ገዝቻለሁ።”

“አንገትሽ ላይ ነው የምታንጠለጥይው። ትናንት በመስኮት አይቼሻለሁ።”

“መነጽሬን ጉም ሲያለብሰው ነው። መስመሩ አይታየኝም።”

“እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። እናትሽም።”

“የእማዬ ጭንብል ፎጣ ነበር።”

“ሰው ሊሞት ሲል በፎጣም በጭንብልም ይሞታል። የሽማግሌዎች መጦሪያው ሠራተኛ ይፈልጋል። ለምን አትጠይቂያቸውም?”

“እቤት አንድ ሽማግሌ አለኝ፤ እሱ ይበቃኛል።”

ቶኩጂ አልሳቀም። እሷም መሳቁን ተወችው።

“ስማኝ አባዬ። ሃያ ዓመት ሊሞላ ምንም ሳይቀረው ሰው ቤት ምራት ሆኜ ሩዝ ቀቀልኩ። ሲያባርሩኝ በእጄ ምንም አልነበረም። አሁን አንድ ነገር አለ። የሰጠኸኝም አንተ ነህ።”

“አልሰጠሁሽም። ሰርቀሽ ነው የተማርሽው።”

“በሩን ማን ነው ያልዘጋው?”

ከዚያ በኋላ ስለ ሳህኑ አልተነጋገሩም። ሙከራው ሲመጣ ኪዋኮ ጓሮ ገብታ ሠራች። ቶኩጂ ቤት ተቀምጦ በግድግዳው በኩል የመንኮራኩሩን ድምፅ ያዳምጥ ነበር። ወልዋይ ብረት ላይ ሲጫን ድምፁ ይወፍራል፤ ሲያነሳ ይቀጥናል። የእሷ በትክክለኛው ቦታ ይቀጥን ነበር። አንድም ቀን ስትሳሳት አልሰማም።

ሥራው ባለቀ ማግስት ኪዋኮ የአባቷን መድኃኒት ለማምጣት ወደ ትልቁ ከተማ ወደ ኒጋታ ሄደች። ሳህኖቹን አንድ በአንድ በወረቀት ጠቅልላ ሳጥኑ ውስጥ ደርድራቸዋለች።

“ሳጥኑን እንዳትነካው፤ ብናኝ ይገባበታል” አለችው ጫማዋን እያጠለቀች።

“ምን ሊሠራልኝ እነካዋለሁ?”

መኪናዋ ከመታጠፊያው ስትሰወር ረጅሙን ቱቦ እየጎተተ ወደ ጓሮ ወጣ። የመጀመሪያውን ሳህን ፈትቶ ወደ መስኮቱ ወሰደው። ከውጭ ያሂኮ ተራራ በበረዶ ተሸፍኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በከንፈሩ ዙሪያ አውራ ጣቱን አዞረ። መስመሩ የትም አልተቆረጠም፤ የትም አልወፈረም። ፉሳኤ እንዲህ አልሠራችም። እሱ ራሱ በአርባ ዓመቱ እንዲህ አይሠራም ነበር። ሳህኑን ይዞ ቆመ። ከዚያ ቤት ተመልሶ ቱቦውን አወለቀ።

መጀመሪያ ጥቂቶቹን ብቻ ለማበላሸት ነበር ያሰበው። ግን አንድ ደህና ሳህን ከተረፈ እሱ ይመሰክርላታል። ስለዚህ ሁሉንም ሠራቸው። ሳህኑን ወደ መንኮራኩሩ ያስጠጋል፤ ከንፈሩን በቀስታ ያሳርፋል፤ መስመሩ ሲሟሟ ያያል፤ ያነሳል። በየመሃሉ ጭንቅላቱን ጉልበቱ ላይ ደፍቶ ያርፋል። ዓይኑ ሲጠቁርበት ሞተሩን አጥፍቶ ግድግዳ ይደገፋል፤ ሲሻለው ይመለሳል። ሲጨርስ በወረቀታቸው መልሶ ጠቀለላቸው፤ መንኮራኩሩን ጠረገ፤ ቤት ገብቶ ቱቦውን አደረገ።

ኪዋኮ ስትመጣ የአባቷ ከንፈር ሰማያዊ ነበር።

“ፊትህ ምን ሆነ?”

“በረዶ ጠረግኩ።”

“ማን ጥረግ አለህ? ሰው የለም ሰፈሩ ውስጥ? እንደ ሕፃን ላስርህ እንዴ?” እየተቆጣች ብርድ ልብስ ደረበችለት። የሩዝ አጥሚት ሠርታ፣ እንቁላል መትታበት፣ እስኪጨርስ አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያ ወጥታ ሳጥኑን ሳትከፍት በፕላስተር አሸገችው።

በፋብሪካው የመመርመሪያ ክፍል ጣሪያ ላይ ረጅም የፍሎረሰንት መብራት ተሰቅሏል። ዕቃው ከሥሩ ይያዛል፤ የመብራቱ ምስል ብረቱ ላይ ሳይጣመም መሄድ አለበት። ናጉሞ በጠረጴዛው አንድ ጫፍ፣ ኪዋኮ በሌላው ተቀመጡ። ቶኩጂ ትንሹን የኦክስጅን ሲሊንደር ጭኑ ላይ አድርጎ ከበሩ አጠገብ ነበር። እንዲመጣ የለመነችው እሷ ናት። እንዲያይ ፈልጋ ነው።

ኩዋባራ የመጀመሪያውን ሳህን ፈታ። መብራት ሥር ያዘው። ውኃ ቀድቶ አዘነበለው፤ ውኃው በጎኑ ተዝረክርኮ ጠረጴዛውን አራሰው። ሁለተኛውን ፈታ። ሌሎችንም ፈታ።

“መስመሩ ሞቷል” አለ ናጉሞ በትሕትና።

ኪዋኮ ከወንበሯ ተነሳች። “ሊሆን አይችልም። እኔ ስጨርሳቸው…” አንዱን ሳህን አንስታ ወደ መብራቱ አዞረችው። ከንፈሩን ዙሪያውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

“ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን፣ ኪዋኮ ሳን፣ እንደገና ይሞክሩ እል ነበር” አለ ናጉሞ፤ ከስሟ በኋላ የአክብሮቱን “ሳን” አክሎ። “ግን ከከንፈሩ ሥር ያሉትን ጭረቶች ይዩ። ወደ ግራ ነው ያዘነበሉት።”

መንኮራኩር ብረቱ ላይ ያልለመደ ዓይን የማያያቸው ጭረቶች ይተዋል። የሚያዘነብሉት በያዘው እጅ ነው፤ ቀኝ የሚሠራ ወደ ቀኝ፣ ግራ የሚሠራ ወደ ግራ። ቶኪዮ ያለ ገዢ ይህን አያይም። ትሱባሜ ውስጥ የሚያየው ሞልቷል። ቶኩጂም ያውቀዋል። ከማወቁ የተነሳ አላሰበውም፤ ሰው ሲናገር የራሱን ድምፅ አይሰማም እንደሚባለው።

“በዚህ ከተማ አንድ ግራኝ ወልዋይ ነው ያለው፤ እሳቸውም እዚህ ተቀምጠዋል” አለ ናጉሞ። “አባትዎን ሁላችንም እናከብራለን። ታመዋል፤ እጃቸው ቢዝል አይፈረድባቸውም። እኛ የጠየቅነው ግን የእርስዎን እጅ ነበር።”

ኩዋባራ ግን ናጉሞ ያላየውን አይቷል። መስመሮቹ ሁሉም እኩል ነው የሞቱት፤ በአንድ ጥልቀት፣ ዙሪያውን ሙሉ። የዛለ እጅ አንዱን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ነው የሚስተው። ይህ እጅ አልሳተም። ቶኩጂ ሥራ ሲያበላሽ እንኳ አሳምሮ ነው ያበላሸው። ኩዋባራ ሳህኑን አስቀመጠና በመስኮት ወደ ውጭ አየ።

ኪዋኮ ወደ አባቷ ዞረች።

“አባዬ?”

ቶኩጂ ቱቦውን አስተካከለ። ሐፍረት ያልፋል፣ አቧራ አያልፍም ብሎ አሰበ። ጥቂት ወር ታለቅሳለች፤ ከዚያ መጦሪያው ትገባለች፤ እስከ ሰባ ዓመቷ ትኖራለች። ዝም አለ።

ኪዋኮ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ወገቧ እስኪታጠፍ ድረስ ለናጉሞ አጎነበሰች።

“ይቅርታ አድርጉልኝ” አለች።

ያ ቃል እንደ ማመን ተቆጠረ፤ ጉዳዩን ዘጋው።

ወሬው ከብረቱ ጋር ከቤት ቤት ዞረ። የግራኙ ልጅ የአባቷን ሥራ የኔ ነው ብላ አቀረበች፤ ያውም የተበላሸውን። ማንም ፊት ለፊት አልተናገራትም። ጭልፋና ማጥለያ ይልኩላት የነበሩት ቤቶች “ለጊዜው ሥራ ቀዝቅዟል” አሉ። አንዷ ጎረቤት ብቻ፣ በረዶ እየጠረገች፣ “ምነው፣ አባትሽን በዚያ ሳንባቸው ታሠሪያቸዋለሽ?” አለቻት። ኪዋኮ አካፋዋን ይዛ ቤት ገባች።

ቶኩጂ መጦሪያውን እስክትጠይቅ ጠበቀ። በየቀኑ ጠበቀ። አንድ ጠዋት ቀለሙ የተላላጠ ነጭ ሚኒባስ በር ላይ ቆመ። ኪዋኮ ምሳዋን ይዛ ተሳፈረች።

“የት ነው?” አለ ስትመለስ።

“ከሺናኖ ወንዝ ማዶ። የፓምፕ አካል ነው። ሻካራ ብረት፤ ጫፉን መሞረድ ነው።”

“የወልዋይ ሥራ ነው?”

“ወልዋይ አይባልም። ስምም አይጠይቁም። በቀን ነው የሚቀጥሩት፤ ከሩቅ አገር የመጡ ሴቶች ናቸው አብረውኝ ያሉት።”

“አቧራ መሳቢያ አለ?”

“አለ። ከመኸር ጀምሮ ተበላሽቷል ይላሉ።” ጫማዋን አወለቀች። “እራት ምን በላህ?”

በሚያዝያ መሳል ጀመረች። ጉንፋን ነው አለች። ቶኩጂ ጉንፋንን ያውቀዋል፤ ያኛውንም ያውቀዋል።

የሩዝ እርሻዎቹ በውኃ ሲሞሉ ታክሲ ጠርቶ ፋብሪካ ሄደ። ደረጃውን ሲወጣ ሁለቴ ተቀመጠ። ናጉሞ ወንበር ሳበለት፤ ሻይ አስመጣለት። ኩዋባራም ተጠርቶ መጣ።

“ሳህኖቹን ያበላሸሁት እኔ ነኝ” አለ ቶኩጂ። “እሷ ጨርሳቸው ነበር። ኒጋታ በሄደችበት ቀን ከጥቅላቸው ፈትቼ ገደልኳቸው። እሷ አታውቅም።”

ናጉሞ ሻዩን በሁለት እጁ ይዞ አዳመጠ።

“ለምን እንዲህ ያደርጋሉ?”

“እንዳትሠራው።”

“ሆንማ ሳን” አለ ናጉሞ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “እኔም ሴት ልጅ አለችኝ። አባት ለልጁ ሲል ብዙ ይላል። እርስዎ በዕድሜዎ የተበላሸ ዕቃ ከቤትዎ አውጥተው አያውቁም፤ ይህን አባቴም ነግሮኛል። ሆን ብለው አበላሹ ብዬ እንዴት አምናለሁ?”

“ኩዋባራን ጠይቀው። አይቷል። ሁሉም እኩል ነው የሞቱት። የደከመ ሰው እንዲያ ይስታል?”

ናጉሞ ወደ ኩዋባራ ዞረ። ኩዋባራ የሻይ ስኒውን አየ። አሁን አዎ ቢል፣ ያን ቀን አይቶ ለምን ዝም አለ ይባላል። መርማሪ የሚኖረው በዓይኑ ነው።

“ቆይቷል” አለ ኩዋባራ። “እንዲያ ያለ ትዝታ የለኝም።”

“ሳህኖቹን አምጡና…”

“ወደ መቅለጫ ሄደዋል” አለ ናጉሞ። “ከንፈሩንም ሌላ ቤት ይዞታል። ጥሩ እየሠሩ ነው። ይህን ነገር እዚህ እንተወው፤ ለእርስዎም ለእሷም ይሻላል።” ተነስቶ አጎነበሰለት። አጎነባበሱ ከልብ ነበር።

ኩዋባራ እስከ ደጅ ድረስ ሲሊንደሩን ተሸከመለት። ታክሲው እስኪመጣ ግድግዳ ጥግ ቆሙ።

“ያኔ የገባኝ መስሎኝ ነበር” አለ ኩዋባራ። “ግራኙ ልጁን ከአቧራ እያወጣ ነው አልኩ። ላግዘው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እኔም ብሆን አደርገው ነበር።”

“አንተማ አላደረግከውም። ባንክ ነው የላክኸው።”

“አውቃለሁ።”

“ተመልሰህ ንገረው።”

“ጡረታዬ በመስከረም ነው፣ ቶኩጂ።” ከልጅነታቸው ወዲህ በስሙ ጠርቶት አያውቅም።

ታክሲው መጣ። ቶኩጂ ሲሊንደሩን ከእጁ ነጥቆ ገባ።

ሚኒባሱ ኪዋኮን ሲያወርዳት ገና አልመሸም። ቶኩጂ በር ላይ ተቀምጦ ነበር።

“ፋብሪካ ሄጄ ነበር። ነገርኳቸው” አለ። “እኔ እንደሆንኩ።”

“አመኑህ?”

“አላመኑኝም።”

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ፊቷ ከመነጽሩ ቦታ በቀር ግራጫ ነበር።

“አንቺ ግን አልደነገጥሽም” አለ።

“ሳህኑን እንዳየሁት አውቄያለሁ። ያንተን እጅ አላውቅም እንዴ?”

“ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?”

“ሰው ፊት አባቴ አበላሸብኝ ልበል?” መነጽሯን አውልቃ በእጅጌዋ ጠረገች፤ ይበልጥ ቆሸሸ። “አንተ እዚያው ነበርክ። ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ። ቆሜ ጠበቅኩህ።”

“ኪዋኮ፣ ያን ቦታ ተዪው። እባክሽ። መጦሪያው አሁንም ሰው ይፈልጋል።”

“የመጦሪያው ኃላፊ የማን እህት እንደሆነች ታውቃለህ? የናጉሞ ሚስት እህት ናት። በመጋቢት ጠይቄያት ነበር። እናስብበታለን አለችኝ።”

ቶኩጂ አልሰማም ነበር። አልነገረችውም።

የሥራ ልብሷን ደጅ ላይ አወለቀች፤ ቤት ውስጥ ብናኝ እንዳይገባበት ሁልጊዜም እዚያው ነው የምታወልቀው። ልታራግፈው ስትል እጁን ዘረጋ።

“እኔ ላጥበው።”

“ተው፤ ብናኙን ትስባለህ።”

“ስጪኝ።”

ሰጠችውና ገባች። ጓሮ ያለችው ቧንቧ ሥር ተቀምጦ ልብሱን በገንዳ ዘፈዘፈ። በግራ እጁ አሸ። ውኃው ጠቆረ፤ ደፋው፤ እንደገና ቀዳ። ያም ጠቆረ። ቧንቧውን ዘግቶ አዳመጠ። ከቤት ውስጥ የኪዋኮ ሳል ተሰማ፤ ቆመ፤ ሳሉ ተመልሶ ጀመረ። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተ።